ስድስት ዓመት ብቻ የገዛው የኮቡርግ መስፍን እንዴት የግማሽ አውሮፓ አያት ሆነ?

ዘር ቆጣሪው፦

ሰላም ናችሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀት ላይ ቀስት ሳሰምር የከረምኩበትን ጉድ ይዤላችሁ መጥቻለሁና የአውሮፓ ታሪክ የምታነቡ ሰዎች እባካችሁ አንድ በሉኝ። ነገሩ የጀመረው የንግሥት ቪክቶሪያን የዘር ሐረግ ልሥራ ብዬ ነው፣ በእናቷ በኩል ወደ ላይ ስወጣ አያቷ ፍራንዝ ፍሬድሪክ አንቶን የሚባል የሳክስ ኮቡርግ ዛልፌልድ መስፍን ሆነ፣ እሺ አልኩ። ከዛ ባሏን አልበርትን በአባቱ በኩል ስወጣ ያው ሰውዬ! የተሳሳትኩ መስሎኝ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ፣ አሁንም ያው። የቤልጂየሙን ቀዳማዊ ሊዮፖልድ ስፈልግ አባቱ እሱ፣ የፖርቱጋሉን ንጉሥ ዳግማዊ ፈርናንዶን ስፈልግ አያቱ እሱ፣ የቡልጋሪያውን ፈርዲናንድ ስፈልግ ቅድመ አያቱ እሱ። ወረቀቱ የሸረሪት ድር መስሏል።

ሰውየው ማነው ብዬ ስገባ ደግሞ ምንም የለም በሉት። 1750 ኮቡርግ ተወለደ፣ 1800 ላይ በ50 ዓመቱ አባቱን ተካ፣ 1806 ሞተ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ግዛቱ ካርታ ላይ ጣትህን ብታሳርፍበት የሚጠፋ ነው፣ እሱም ለሁለት የተቆረጠ፣ ኮቡርግ ከቱሪንጊያ ደን በታች፣ ዛልፌልድ ከደኑ ወዲያ። ጦር የለው፣ ገንዘብ የለው። ታዲያ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ልጆቹን ለራሺያና ለእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የዳረው በምን ዘዴ ነው? ወይስ ያኔ መስፍን የተባለ ሁሉ እንደዚህ ነበር? ሁለተኛ ጥያቄ፣ ቪክቶሪያና አልበርት በትክክል ምን ይሆናሉ?

አቦል፦

የሁለተኛው ቀላል ነው፣ የቪክቶሪያ እናት ቪክትዋርና የአልበርት አባት ኤርንስት የአንድ አባትና እናት ልጆች ናቸው። ስለዚህ እሱ ለሷ የአጎት ልጅ፣ እሷ ለሱ የአክስት ልጅ። በኛ ሰባት ቤት ሲቆጠር እነሱ ሁለተኛው ላይ አቁመዋል 😅 ይባስ ብሎ ሁለቱንም ያዋለደቻቸው አንዲት ሴት ናት፣ ሻርሎት ፎን ዚቦልድ የምትባል ጀርመናዊት። ግንቦት 1819 ለንደን ሄዳ ቪክቶሪያን አዋለደች፣ ተመልሳ ነሐሴ ላይ ኮቡርግ አጠገብ ሮዘናው በምትባለው ቤት አልበርትን። ፈረንጆች ቢያገናኟቸው አይገርምም፣ ገና ከማህፀን ሲወጡ ነው የተገናኙት።

ማሂ፦

ዘር ቆጣሪው ወንድሜ፣ ወረቀቱን አትቅደደው ትክክል ነህ። ግን ጥያቄህን ትንሽ ላስተካክለው፣ ፍራንዝ ልጆቹን "በዘዴ" አልዳራቸውም፣ ቢያንስ እሱ አይደለም። እኔ ይሄን ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ተከታትያለሁ፣ ሁሉ ነገር የሚንጠለጠለው አንዲት ክር ላይ ነው፣ ክሩም የዩሊያነ ጋብቻ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ሊዮፖልድና ስለ አልበርት ያወራል፣ ዩሊያነን ግን የሚያነሳት የለም፣ እኔን ሁሌ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ፍራንዝና ሚስቱ አውጉስታ አሥር ልጅ ወልደው ለአካለ መጠን የደረሱት ሰባት ናቸው፣ ዞፊ፣ አንቷኔት፣ ዩሊያነ፣ ኤርንስት፣ ፈርዲናንድ፣ ቪክትዋርና ሊዮፖልድ። 1795 ላይ የራሺያዋ ታላቋ ካትሪን ለልጅ ልጇ ለኮንስታንቲን ሚስት ትፈልግ ነበርና ቡድበርግ የሚባል ጄኔራሏን ወደ ጀርመን ላከች። የሱ ሪፖርት ኮቡርግ ላይ አረፈ። እናቲቱ አውጉስታ ሦስቱን ትልልቅ ሴቶች ልጆቿን ሰብስባ ሴንት ፒተርስበርግ ድረስ ወሰደቻቸው፣ አስቡት እስቲ በዛን ዘመን መንገድ፣ ሦስት ልጃገረድ በሠረገላ ጭኖ አንዲቷን ለማስመረጥ። የሚወራው ታሪክ ካትሪን በመስኮት ሆና ከሠረገላ ሲወርዱ ታያቸው ነበር ይላል፣ የመጀመሪያዋ ቀሚሷ ጠልፎ ጣላት፣ ሁለተኛዋም ተንገዳገደች፣ ሦስተኛዋ ዩሊያነ ቀጥ ብላ ወረደች፣ አለቀ። እውነት ይሁን ተረት ብቻ የተመረጠችው እሷ ናት፣ 14 ዓመቷ ነበር። የካቲት 1796 ኦርቶዶክስ ሆና አና ፊዮዶሮቭና ተብላ ተዳረች።

ትዳሩ ሲኦል ነበር። ኮንስታንቲን ጨካኝና ቁጡ ሰው ነው፣ በቤተ መንግሥት ውስጥ መድፍ የሚያስተኩስ ዓይነት። ልጅቷ 1801 ላይ ወደ ቤተሰቧ ለመጠየቅ ብላ ወጥታ በቃ አልተመለሰችም፣ ፍቺው በወረቀት ያለቀው ግን 1820 ነው። ይቺን 19 ዓመት ልብ በሉልኝ። በ19ኙም ዓመት ኮቡርጎች የራሺያ ዛር ዘመዶች ነበሩ ማለት ነው፣ ልጅቷ ስዊዘርላንድ ተቀምጣም ቢሆን።

ዘር ቆጣሪው፦

ማሂ በጣም አመሰግናለሁ፣ ግን ይሄ ከእንግሊዝ ጋር ምን አገናኘው? አሁንም አልገባኝም፣ ክሩን ቀጥዪልኝ።

ማሂ፦

ልቀጥል፣ በእህትየው ጋብቻ ምክንያት ትንሹ ወንድም ሊዮፖልድ ገና ሕፃን እያለ በራሺያ የኢዝማይሎቭስኪ ክፍለ ጦር የመኮንንነት ማዕረግ ተሰጠው። አድጎ ናፖሊዮንን በራሺያ ዩኒፎርም ተዋጋ፣ 1814 ላይ ድሉን ለማክበር ዛር አሌክሳንደር ለንደን ሲገባ ከአጃቢዎቹ አንዱ ሆኖ ገባ። ብር የለውም፣ መልክ ግን አለው። እዛ የእንግሊዝ ዙፋን ወራሿ ልዕልት ሻርሎት አየችው፣ ሌላ የታጨላትን የሆላንድ ልዑል አልፈልግም ብላ እሱን ግንቦት 1816 አገባች። በኅዳር 1817 የሞተ ልጅ ወልዳ እሷም ሞተች።

እሷ ስትሞት የንጉሡ የጆርጅ ሦስተኛ ልጆች፣ ማለት ያረጁት መሳፍንት፣ ሕጋዊ ልጅ አንድም አልነበራቸውምና ያላገቡት ሚስት ፍለጋ ተሯሯጡ። የኬንቱ መስፍን ኤድዋርድ ወዴት ሄደ? ወደ ሊዮፖልድ እህት ወደ ቪክትዋር፣ ባሏ የላይኒንገን ልዑል 1814 ላይ ሞቶባት ሁለት ልጅ ይዛ የተቀመጠች መበለት ናት። ከሷ ጋር እንዲተዋወቅ ሻርሎትና ሊዮፖልድ ራሳቸው ቀደም ብለው ገፋፍተውታል። ግንቦት 1818 ኮቡርግ ውስጥ ተጋቡ፣ በዓመቱ ቪክቶሪያ ተወለደች። በል አሁን ወደኋላ ቁጠረው፣ ቪክቶሪያ ያለ ቪክትዋር የለችም፣ ቪክትዋር ያለ ሊዮፖልድ ለንደን አትደርስም፣ ሊዮፖልድ ያለ ራሺያ ለንደን አይገባም፣ ራሺያ ያለ ዩሊያነ የለችም። የ14 ዓመት ልጅ ለቅሶ ላይ የተሠራ ቤት ነው።

ሰብለ፦

ማሂ ጥሩ ብለሻል ግን ፍራንዝን ጨርሶ ከታሪኩ አስወጣሽው እኮ! ሰውየውን ትንሽ ላስተዋውቃችሁ። በመጀመሪያ ደሃ ቢሆንም የማንም ልጅ አልነበረም። ቤቱ የቬቲን ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት ከሳክሶኒ መሳፍንት ጋር አንድ ግንድ። እናቱ ዞፊያ አንቶንያ የብራውንሽቫይግ ልጅ ናት፣ እህቶቿን እዩልኝ፣ አንዷ የፕሩሺያው የታላቁ ፍሬድሪክ ሚስት፣ አንዷ የዴንማርክ ንግሥት። የአባቱ ወንድም ጆሲያስ ደግሞ የኦስትሪያ ፊልድ ማርሻል ሆኖ 1789 ከራሺያው ከሱቮሮቭ ጋር ቱርኮችን ያሸነፈው ነው፣ እኔ በበኩሌ ይሄ ሰው ስሙን ራሺያ ውስጥ ቀድሞ አስጠርቶላቸዋል ባይ ነኝ። ያኔ ጋብቻ የሚታየው በገንዘብ ብቻ አይደለም፣ "እኩያ ልደት" የሚባል ሕግ አላቸው፣ ገዢ ቤት ከገዢ ቤት ካልሆነ ልጆቹ አይወርሱም። ስለዚህ ትልልቆቹ ነገሥታት ሚስት ሲፈልጉ የሚሄዱት እዚህ ትንንሽ የጀርመን ግዛቶች ጋ ነው፣ ደሙ ይሟላል፣ ፖለቲካው አያስፈራም፣ ሃይማኖት ቀይሪ ቢሏት የምታንገራግር አይመስላቸውም። አንተ "መስፍን የተባለ ሁሉ እንደዚህ ነበር?" ላልከው ሌሎችም ነበሩ፣ ግን እንደ ኮቡርግ የተሳካለት የለም። ቢስማርክ እንኳን ኮቡርግን የአውሮፓ የድንጉላ ፈረስ ማርቢያ ብሎ ሰድቧታል ይባላል።

ድህነቱ ግን ቀልድ አልነበረም። በፍራንዝ አባት በኤርንስት ፍሬድሪክ ጊዜ ዕዳው ከ1 ሚሊዮን ታለር በላይ ደርሶ የጀርመን ግዛቶች የበላይ የሆነው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ 1773 ላይ የዕዳ ኮሚሽን ሾመበት። በዛሬ ቋንቋ ባንክ ቤትህ ገብቶ ምሳህን እየቆጠረ ሲሰጥህ ማለት ነው፣ መስፍኑ ሆኖ ለኪስ የሚሆነው ገንዘብ እንኳን የሚወሰነው በኮሚሽኑ ነው። ፍራንዝ ወጣትነቱን ያሳለፈው እዛ ቤት ውስጥ ነው።

እና ምን አደረገ? ሥዕል ሰበሰበ 😂 የመዳብ ህትመት ሥዕል፣ በወረቀት የታተመ፣ ከ1775 ጀምሮ። ዕዳ ላይ ቁጭ ብሎ! ግን ዛሬ ኮቡርግ ምሽግ ላይ ያለው ከ300 ሺህ በላይ ወረቀት የያዘው የህትመት ሥዕል ክምችት መነሻው የሱ ስብስብ ነው፣ ዱሬርም ሬምብራንትም አሉበት። እኔ ለዚህ ብቻ ይቅር እለዋለሁ። ያቺ አልበርት የተወለደባትን ሮዘናውንም 1805 ላይ ገዝቶ ለቤተሰቡ የመለሳት እሱ ነው።

አቦል፦

ሰብለ ስለ ሚስቱ ሥዕል አልነገርሽም፣ ዋናውን ዘለልሽው!

ሰብለ፦

አይ እሱንማ እንዴት ረሳሁት። አውጉስታ የሮይስ ኤበርስዶርፍ ቆንጆ ነበረች፣ ሮይስ ማለት ወንዶቹ በሙሉ፣ በሙሉ ነው ያልኩት፣ ሃይንሪክ የሚባሉበትና በቁጥር የሚለዩበት ቤት ነው፣ አባቷ ሃይንሪክ 24ኛ ነው (ስትጠሩት ማን ዞሮ እንደሚያይ እኔንጃ)። አባትየው ልጁን በወቅቱ ታዋቂ በነበረው ሠዓሊ በቲሽባይን ባሏን እንደምታለቅሰው ንግሥት እንደ አርቴሚዝያ አድርጎ አስሣላትና ሥዕሉን ሬገንስቡርግ ላይ፣ የግዛቶቹ ተወካዮች ሁሉ በሚሰበሰቡበት ከተማ፣ ሰው እንዲያየው አደረገ። ባጭሩ ፕሮፋይል ፒክቸር ነው። እንደሚባለው ፍራንዝ አይቶ ወድቆላት ሥዕሉን በዋጋው አራት እጥፍ ገዛው። ችግሩ ሌላ ታጭቶለታል፣ የሂልድቡርግሃውዘን ልጅ ዞፊ። መጋቢት 1776 አገባት፣ ስምንት ወር ሳይሞላ ጥቅምት ላይ ሞተችበት። ሰኔ 1777 አውጉስታን አገባ። የመጀመሪያዋ ብትኖር ኖሮ ይሄ ፖስት ራሱ አይኖርም ነበር።

ጋሽ ደብተራው፦

ልጆች እንደምን አላችሁ፣ እኔ የጦርነቱን ነገር ልጨምርና ልሂድ፣ ማሂ ያለችው "ክር" በትክክል የታየው እዛ ላይ ነውና። 1806 ጥቅምት ወር ላይ ናፖሊዮን ፕሩሺያን ለመምታት በቱሪንጊያ ደን አልፎ ሲመጣ የመጀመሪያው ከባድ ውጊያ የሆነው የት ይመስላችኋል? በራሱ በፍራንዝ ከተማ፣ ዛልፌልድ። ጥቅምት 10 ነው። መስፍኑና አውጉስታ እዛው ነበሩ፣ አውጉስታ በማስታወሻዋ ስለዛ ቀን ጽፋለች። ማርሻል ላን የፕሩሺያን ግንባር ቀደም ጦር ደመሰሰው፣ አዛዡ ልዑል ሉዊ ፈርዲናንድ እጄን አልሰጥም ብሎ በአንድ የፈረንሳይ ሁሳር ፈረሰኛ ሻምላ ተገደለ፣ 33 ዓመቱ ነበር፣ ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲም ነው ያ ልጅ። የዘመድ ነገር ካነሳን ሉዊ ፈርዲናንድ የፍራንዝ አክስት ባል የታላቁ ፍሬድሪክ የወንድም ልጅ ነው፣ ማለትም ሰውየው ደጃፉ ላይ የዘመዱን ሬሳ ተቀበለ። ከአራት ቀን በኋላ የና እና አውርሽቴት ላይ ፕሩሺያ ተሰባበረች።

ፍራንዝ ከዛ አልተነሳም፣ ታኅሣሥ 9 ኮቡርግ ላይ ሞተ። ወራሹ ኤርንስት ደግሞ ኮቡርግ አልነበረም፣ ከፕሩሺያ ንጉሥ ጋር ሸሽቶ ኮኒግስበርግ ላይ በተስቦ ታሞ ተኝቷል። አባቱ በሞተ በስድስተኛው ቀን የሳክሶን መሳፍንት ፖዘን ላይ ከናፖሊዮን ጋር ተፈራርመው የራይን ኅብረት፣ ማለት ናፖሊዮን ያቋቋመው የጀርመን ግዛቶች ማኅበር፣ ገቡ። ግን ናፖሊዮን ኤርንስት ከጠላቶቼ ጋር ነው ብሎ ግዛቱን በፈረንሳዮች አስያዘው። ያን ጊዜ ብዙ ትንንሽ የጀርመን ግዛቶች በአንድ ፊርማ ከካርታ ጠፍተዋል፣ ኮቡርግም ያው ዕጣ ይደርሳት ነበር። ያዳናት 1807 ሐምሌ የቲልሲት ስምምነት ነው፣ ዛር አሌክሳንደር ለወንድሙ ለኮንስታንቲን አማቾች ተናገረላቸው፣ ናፖሊዮንም መለሰ። እንግዲህ ዩሊያነ ከባሏ ከሸሸች ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ ግን ገና አልተፈታችም። አባትየው ይህን ሳያይ ሞተ።

ዘር ቆጣሪው፦

ጋሽ ደብተራው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄንን የትም አላገኘሁትም ነበር። ስለዚህ ዩሊያነ በ1801 ፍቺውን ብታስጨርስ ኖሮ በ1807 ኮቡርግን የሚያስታውስ አይኖርም ነበር ማለት ነው? ወይኔ።

አንድ ነገር ግን አሁንም አስቸግሮኛል፣ አንቷኔትን የት ላድርጋት? የቩርተምበርግ መስፍን አሌክሳንደርን አግብታለች፣ እሱ ደግሞ ከራሺያ ጋር የሚያገናኝ መስመር አለው፣ ሁለት ጊዜ ሣልኩት ሁለት ጊዜ ተጠላለፈብኝ።

ማሂ፦

ሃሃ እሱ ማንንም ያጠላልፋል። ተረጋግተህ ሣለው፣ የአንቷኔት ባል አሌክሳንደር የዛር ጳውሎስ ሚስት የማሪያ ፊዮዶሮቭና ወንድም ነው። ማሪያ ፊዮዶሮቭና የኮንስታንቲን እናት ናት። ስለዚህ አሌክሳንደር ለኮንስታንቲን አጎቱ ነው። በል እንግዲህ፣ ዩሊያነ ኮንስታንቲንን አገባች፣ ታላቅ እህቷ አንቷኔት የኮንስታንቲንን አጎት አገባች፣ ታላቅ እህቷ የባሏ የአጎት ሚስት ሆነች ማለት ነው። በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ማን ማንን አንቱ እንደሚል አላውቅም። ሁለት መስመር በተለያየ ቀለም አድርገው፣ አለዚያ አያልቅም።

ዞፊን ደግሞ አትርሳት፣ የመጀመሪያዋ ልጅ፣ እሷ ከአብዮቱ የሸሸ መንስዶርፍ የሚባል ፈረንሳዊ ስደተኛ መኮንን ነው ያገባችው፣ 1804 ላይ። ንጉሥ አይደለም ምንም አይደለም፣ በፍቅር ነው። ልጇ አሌክሳንደር በ1860ዎቹ የኦስትሪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ።

አቦል፦

ፈርዲናንድን እኔ ልጨርስላችሁ፣ እሱ የሀንጋሪ ከበርቴ የኮሃሪን አንድያ ልጅ አግብቶ የካቶሊኩን ቅርንጫፍ አቆመ፣ ከዛ ነው ፖርቱጋልም ቡልጋሪያም የሄዱት። ገንዘቡ የመጣው ከዚህ ነው፣ ክብሩ ከራሺያና ከእንግሊዝ። የዚህ መስመር የመጨረሻው የቡልጋሪያ ንጉሥ ስምዖን በልጅነቱ ዙፋን አጥቶ ከ2001 እስከ 2005 በምርጫ አሸንፎ የቡልጋሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፣ የቤተሰቡ ስም ዛሬም ሳክስኮቡርግጎትስኪ ነው። እንግሊዞቹ 1917 ላይ ጀርመንነት ሲያስጠላ ጊዜ ዊንዘር ብለው ቀየሩት፣ ቡልጋሪያው ግን ይዞት ቀረ።

ዘር ቆጣሪው ስሙ ላይ እንዳትሳሳት ደግሞ፣ "ኮቡርግና ጎታ" የሚባለው ከፍራንዝ በኋላ ነው። 1826 ላይ ልጁ ኤርንስት ዛልፌልድን ለማይኒንገን መስፍን ሰጥቶ ጎታን ወሰደ። ፍራንዝ እስኪሞት ኮቡርግ ዛልፌልድ ነው።

ጋሽ ደብተራው፦

አንድ የቀረች ለኛም የምትቀርብ ነገር አለች። የፍራንዝ የልጅ ልጅ፣ የአልበርት ታላቅ ወንድም መስፍን ዳግማዊ ኤርንስት፣ 1862 ላይ ሚስቱንና ብሬም የተባለውን የእንስሳት ተመራማሪ ይዞ ምጽዋ ወርዶ እስከ መንሳዕና ቦጎስ ድረስ ለአደን ወጥቷል። በዚያው ዓመት አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ያን ደብዳቤ ጻፉ። እሷ ለሰውየው የአክስቱ ልጅም የወንድሙ ሚስትም ናት። በኋላ የአፄው ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረው ዊንዘር ነው፣ ያ ቤት በቪክቶሪያ እናትም በባሏም በኩል ወደ ፍራንዝ የሚሄድ ቤት መሆኑን እኔ ራሴ ዛሬ የዘር ቆጣሪውን ወረቀት ሳስብ ነው ልብ ያልኩት።

ዘር ቆጣሪው፦

ቦጎስ ድረስ? ይሄን እንዳላውቅ ነው እንዴ ሦስት ቀን ስለፋ የከረምኩት። እሺ አዲስ ወረቀት አውጥቻለሁ፣ ትልቁን። ፍራንዝን ከላይ ማድረጌ አይቀርም፣ መሃሉ ላይ ግን ዩሊያነን በቀይ አድርጌያታለሁ፣ ከሷ ስድስት ቀስት ወጥቷል፣ ከኮንስታንቲን ልጅ የላትም ግን ስድስት ቀስት። ሰብለ፣ የሃይንሪኮቹን ቁጥር እንዴት እንደሚጀምሩ ታውቂያለሽ? 24 ላይ ደርሼ ወደ ላይ መውጣት ፈራሁ።

ሰብለ፦

አትውጣ ወንድሜ፣ ከ24 በፊት ያለው ሃይንሪክ ሁሌ የአባትየው አባት አይደለም፣ ለአጎት ልጅም ለታናሽ ወንድምም ቁጥር ይሰጣሉ። የሷ አያት ለምሳሌ 29ኛ ነው፣ ልጁ 24ኛ።

ዘር ቆጣሪው፦

አያት 29 ልጅ 24??? በቃ ተኛሁ።